ተራራው በየት በኩል ነው

ቡታጅራ ውስጥ ከማሉን የማያውቅ ሰው ከተገኘ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። እሱንም ቢሆን ከማሉ ሳይመሽ አንድ ነገር ሠርቶበት ይተዋወቀዋል፤ ወይ ጫማውን ይደብቅበታል፣ ወይ አህያውን ከሌላ ሰው አህያ ጋር ያስርበታል። ቁርዓን ቤት የቆየው ሁለት ወር ነው። ሼሁ ራሳቸው "ልጄ፣ አንተ ሂድልኝ፣ እነዚህንም ታበላሽብኛለህ" ብለው ሸኙት። ጣልያን ሲገባ ወጥ ቤታቸው ገብቶ ድንች እየላጠ አርባ ቃል ለቀመ። አርባ ቃል ብቻ! በአርባ ቃል አስተርጓሚ ተባለ። ስድሳ ቢያውቅ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላህ ይወቀው።

ጣልያን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከማሉን የሚያሠራው ሰውዬ መንገድ ቀያሽ ነው። ስሙ አፍ ላይ አልመች ስላለ ሰው ሁሉ "ጆሜትራው" ይለዋል። ወባ የጨረሰው ቀጭን ሰው ነው። ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ከማሉ ይሸከምለታል፣ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያይበትና ወረቀቱ ላይ ይጭራል። ከማሉ ጠመንጃ አልያዘም፤ ስለዚህ "ባንዳ" ሲሉት ደሙ ይፈላል።

"እኔ የተሸከምኩት እንጨት ነው! ሰው ገደልኩ?" ይላል።

"እንጨቱ የት እንደሚያደርስህ እናያለን" ይሉታል።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ከማሉ አንድ ቀን የገጠር ሰው ዕቃ አሸክሞ ወደ ጆሜትራው ድንኳን አስገባና "ውጪ እንደነበረው አድርገህ ደርድር" አለው። ሰውዬው ዞሮ ሲደረድር ከዚያኛው ጫፍ የነበረውን እዚህኛው ጫፍ አደረገው። ከማሉ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ሁለት የጥይት ሣጥን ከድንኳኑ ፊት ያኖራል፣ አንዱን ከሰው ፊት፣ አንዱን ከሰው ጀርባ። ፊት ለፊት ባለው ላይ ሽንኩርት፣ ቀለሃና ቁልፍ በተርታ ይደረድራል። "በደንብ እይ። አየህ? በል አሁን ዙርና እዚያኛው ላይ እንዲሁ አድርገህ አስቀምጥ።" የከተማው ልጅ በትክክል ያስቀምጣል። ከአባ ሸምሶ መንደር የመጣ ሰው ግን ይገለብጠዋል። ሰው ይስቃል፣ ጆሜትራው ይስቃል፣ ከማሉ ይኮራል።

አባ ሸምሶ ማለት ከከተማው ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ መንደር ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ጎረቤት በእንሰት ጓሮ ድንበር ከተጣላ እሳቸው ይጠራሉ። ይመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ "ያንተ አባት ድንጋዩን የቀበረው ከዚህች ዛፍ ወደ ተራራው ስድስት እርምጃ ነው" ይላሉ። ሲቆፈር ድንጋዩ ቁጭ ብሎ ይገኛል። መንደራቸው ውስጥ ደግሞ የነገር ቦታ የሚነገረው በዘቢዳር ተራራ ነው። ወይ በተራራው በኩል ነው፣ ወይ በሜዳው በኩል። ቀኝ ለመብሊያ፣ ግራ ለመታጠቢያ ነው፤ ከዚያ ውጪ ሥራ የላቸውም። ይኸውላችሁ፣ "በተራራው በኩል ያለው ጥርስህ ላይ ጎመን ተጣብቋል" ይሉሃል። ከማሉ መጀመሪያ ይህን የሰማ ቀን መሬት ላይ ተንከባለለ።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ አባ ሸምሶ ራሳቸው ጨው ሊገዙ መጡ። ከማሉ ሲያያቸው ዓይኑ በራ።

"አባ ሸምሶ! አሰላሙ አለይኩም! ኑ እስቲ ዓይንዎን ልፈትሽልዎ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ዓይኔ ደህና ነው። አንተን ሳይ ብቻ ነው የሚያመኝ።"

ሰዉ ሳቀ። ከማሉ ይቺን ዋጣትና ወደ ሣጥኑ ጎተታቸው። ሽንኩርቱን፣ ቀለሃውን፣ ቁልፉን አሳያቸው። አዩ። ዞሩ። ደረደሩ፤ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ገልብጠው።

"ወገኖቼ!" ብሎ ጮኸ ከማሉ። "የድንበር ዳኛችሁን እዩልኝ! ዓለም ዞረችባቸው!"

አባ ሸምሶ ሣጥኑን አዩ፣ ሰዉን አዩ። "ምን ሆናችሁ? ሽንኩርቱ በተራራው በኩል ነበር። ይኸው በተራራው በኩል ነው።"

"በቀኝዎ ነበር እኮ! አሁን በግራዎ አደረጉት!"

"እኔ ስዞር ሽንኩርቱ አብሮኝ ይዞራል እንዴ? እኔ ማን ስለሆንኩ?"

ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ከወዲያ በኩል ሥጋ ሻጩ ደበሌ ቢላውን እንደያዘ "አባ ገልብጥ!" ብሎ ስም አወጣላቸው። ስሟም እንደ መዥገር ተጣበቀች። ጆሜትራው ዕንባውን ጠርጎ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። አባ ሸምሶ ጨዋቸውን አንስተው ሄዱ። ከማሉ ያን ቀን ገበያ ውስጥ እንደ አውራ ዶሮ ነበር የሚራመደው።

ወር አልሞላም፣ መንገዱ አባ ሸምሶ መንደር ደረሰ።

መንደሩ እንደ ጉራጌ መንደር ሁሉ ነው። መሐሉ ጀፎረ፣ ማለት ሰፊው የሣር ጎዳና ነው፤ ቤቶቹ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ከየቤቱ ኋላ የእንሰት ጓሮ አለ። ከአንደኛው ወገን ጓሮ ኋላ መቃብር፣ ከሌላኛው ጓሮ ኋላ የከብት ግጦሽ። ጆሜትራው ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አሰመረ፣ አንዱን በዚህ ጓሮ ኋላ፣ አንዱን በዚያኛው። ሽማግሌዎች መጥተው "በመቃብራችን ላይ አይለፍብን" ብለው ስለለመኑት፣ ክፉ ሰው አልነበረምና፣ "ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው" አለ። "መቃብሩ ያለበት መስመር ላይ ምልክት ይደረግልኝ፣ በሌላው እሄዳለሁ።" ሄዶ እንዳያይ ወባው ጣለው። ስለዚህ ወረቀቱን ለከማሉ ሰጠውና "ሂድ፣ ሽማግሌውን ጠይቅ፣ ምልክት አድርገህ ና" አለው። ወረቀቱ ላይ ከታች ቡታጅራ ተጽፋለች፣ ከላይ ወደ ጥያ የሚወስደው መንገድ።

ከማሉ በዝናብ ደረሰ። ጉሙ ወርዶ አገሩ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት መስሏል፤ ዘቢዳርም የት እንደገባ አይታይም። አባ ሸምሶ ቤት ገባ። መስኮት የለውም፣ ጨለማ ነው፣ መሐል ምሰሶው ቆሟል። የልጃቸው ሚስት ሳሌሃ እሳት አጠገብ ነበረች። ባሏ ሙስተፋ በትኩሳት የሞተው ያን ዓመት ነው፤ ገና መቃብሩ ላይ ሣር አልያዘም። ለእንግዳው ቆጮ በጎመን አቀረበችለት። ከማሉም እንደ ሰው ልጅ ሳይሆን እንደ ጅብ ጀመረው።

"ብላ፣ ብላ" አሉት አባ ሸምሶ። "አባትህን አውቀው ነበር። ቤቱን ሲሠራ ምሰሶው የቆመበትን ቦታ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ደግ ሰው ነበር። ነገር አያበዛም።"

"እኔ በእናቴ ነው የወጣሁት" አለ ከማሉ እያላመጠ።

የገበያውን ነገር አንድም አላነሱበትም። ባቄላ አምጥተው ፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ነጭ ነጯን በሁለት ተርታ ደረደሩ። "ይኸው ቤቶቹ። ይቺ ጫፍ፣ እኔ ጋ ያለችው፣ የቡታጅራዋ ናት። ያቺ አንተ ጋ ያለችው የጥያዋ ናት። ገባህ?"

"እሺ፣ እሺ" አለ አፉ ሞልቶ። ጆሮው እዚያ አልነበረም። ሽማግሌው ባቄላ ሲደረድሩ እያየ፣ ይህን ለደበሌ እንዴት እንደሚያወራለት ነበር የሚያስበው።

አባ ሸምሶ አንዲት ጥቁር ባቄላ መርጠው ከአንዱ ተርታ ኋላ አኖሯት። ጣታቸውን እዚያው ላይ ትንሽ አቆዩት።

"መቃብሩ ይኸው። ልጄም ይኸው።"

ሳሌሃ ወደ እሳቱ ዞረች።

ከማሉ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወረቀቱን አወጣ። ቡታጅራን ወደ ሆዱ፣ ጥያን ወደ ፊት አድርጎ ያዘው፤ ጆሜትራው ሁልጊዜ የሚይዘው እንደዚያ ነው። ጥቁሯ ባቄላ በቀኙ ናት። በቀኝ ያለው መስመር ላይ በእርሳስ መስቀለኛ ምልክት ጫረ። አልቋል! የመጨረሻ ጉርሻ ጎረሰና "አላህ ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ጆሜትራው ተሻለውና ሥራውን ሊያይ ተነሣ። ከማሉ መነጽሩን ተሸክሞ ከኋላው ይሄዳል። ጉሙ ተገልጧል፣ ዘቢዳር በግራቸው ተገትሮ ቆሟል። መንደሩ አፋፍ ሲደርሱ ጩኸት ሰሙ። የሴት ልቅሶ ነው፤ ከዚያም የብዙ ሴት።

የቀን ሠራተኞቹ በማለዳ ጀምረው ነበር። ነጩ ችካል በመቃብሩ መሐል አልፎ ሄዷል። ዶማው የሙስተፋን መቃብር እግርጌ ቆርጦታል፤ ድንጋዩ ወዲያና ወዲህ ተበትኗል። ሳሌሃ የቀረው አፈር ላይ ተኝታ አልነሣም ብላለች፣ ሁለት ሴቶች ክንዷን ይጎትታሉ። ጀፎረው ሙሉ ሰው ነው። አባ ሸምሶ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል።

ጆሜትራው ወረቀቱን አውጥቶ በጣቱ መታው። "ምልክቱ እዚያ ነው! እኔ በወዲህኛው ነው የመጣሁት!"

ከማሉ ወረቀቱን አየ። ተራራውን አየ። ቡታጅራን ወደ ሆዱ አደረገ፤ ተራራው በግራው፣ ምልክቱ በቀኙ። እንደገና ወረቀቱን አዞረው፣ ጥያን ወደ ሆዱ አደረገ። ያኔ ጨለማው ቤት ትዝ አለው። እሱ በጥያ በኩል ተቀምጦ ነበር። አባ ሸምሶ በቡታጅራ በኩል። "ይቺ ጫፍ፣ እኔ ጋ ያለችው።" ጎመኑ። "እሺ፣ እሺ።"

"ማን ነው የተሳሳተው?" አለ ጆሜትራው።

ሰው ሁሉ የሚያየው ከማሉን ነው። ሳሌሃ ከአፈሩ ላይ ቀና ብላ እሱን ነው የምታየው። ያኔ አንድ ቃል ብቻ፣ "እኔ" የምትል ቃል ብትወጣው ነገሩ እዚያው ባለቀ። ከአርባዎቹ ቃላት አንዷ እኮ እሷ ናት! ግን አልወጣችም። የወጣው ሌላ ነው።

"ሽማግሌው ናቸው፣ ሲኞር። አይተሃቸዋል እኮ። ይገለብጣሉ።"

"አሃ!" አለ ጆሜትራው። ትዝ አለውና ራሱን ነቀነቀ። "ሽንኩርቱ!"

ከማሉ ለሰዉም በአማርኛ ደገመው። ድምፁ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የሚወጣ መሰለው። "አባ ሸምሶ እንደነገሩኝ ነው ያደረግኩት። ታውቁ የለም? ገበያ ላይ ያያችሁ አላችሁ።"

ያዩ ነበሩ፤ የሳቁም ነበሩ። አንዱ ሌላውን አየ። ጉዱ ይኸውላችሁ፦ የሐሰት ምስክር መፈለግ አላስፈለገውም። ምስክሩን ከወር በፊት በሳቅ አዘጋጅቶት ነበር።

አባ ሸምሶ አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን፣ በዱላቸው አናቱን ቢሉት ኖሮ ከማሉ በተገላገለ። እሳቸው ግን ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ አደረጉና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አዩ፣ ይቺን አዩ፣ ያቺን አዩ፣ የሰው ዕቃ የያዙ ይመስል።

መንገዱ አልተመለሰም። "የተጀመረ ሥራ ነው፣ አለቆቼ ይጠይቁኛል" አለ ጆሜትራው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሳምንት ከማሉ እንዴት እንዳሳለፈው እንጃ። ደበሌ ሥጋ ቤት ቁጭ ብሎ ክትፎ ቀርቦለት ደበሌ "ያ አባ ገልብጥ መቃብሩንም ገለበጠው አሉ!" ብሎ ሲስቅ ጉርሻው አልወርድ አለው። "ምነው፣ ሥጋዬን ናቅክ?" አለው ደበሌ። "ሆዴን አሞኛል" አለ። ሣጥኖቹን ከድንኳኑ ፊት አነሣቸው። ገበያተኛው "ዛሬ ጨዋታ የለም?" ሲለው "ሽንኩርቱ በሰበሰ" ይላል።

ወሬው ግን ይመጣል። አባ ሸምሶ ከዓመታት በፊት የወሰኑትን ድንበር ሰው መክፈት ጀምሯል አሉ። "የእኔንም ገልብጠውት ይሆናል" እያለ አንዱ ተነሥቶ ድንጋይ ይነቅላል፣ ሌላው ዱላ ይዞ ይመጣል። ሁለት ወንድማማቾች ተፈነካከቱ አሉ። አባ ሸምሶ ከቤት አይወጡም አሉ።

አንድ የገበያ ቀን ሳሌሃን ቆጮ ስትሸጥ አገኛት። ሊሸሽ ሲል ጠራችው።

"ከማሉ! ምነው እንደ ባለዕዳ ትሸሻለህ? አማቴ ይፈልጉሃል።"

"ለ... ለምን?"

"ለእኔ አልነገሩኝም። አንተ ምን በደልከን፣ የታዘዝከውን ነው የሠራኸው።" ቅጠል ፈልጋ ቆጮ ጠቀለለችለት። "እንካ። ያን ቀን ወደኸው ነበር።"

ተቀበላት። ምን ያድርግ? መንገድ ላይ ቅጠሉን ከፍቶ አንዴ ገመጠና ተፋው። መልሶ ደግሞ ከመሬት አነሣው፤ የተፋው እሷን መሰለው።

አባ ሸምሶ ጨለማው ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ባቄላ ተደርድሯል። ሲገባ ቀና አሉ።

"መጣህ? ቁጭ በል። አይ፣ እዚያ አይደለም፣ ያን ቀን የተቀመጥክበት።" ተቀመጠ። "ስማ ልጄ። የአንተ ዓይን ጤነኛ ነው። እውነቱን ንገረኝ። እኔ በየቀኑ እደረድረዋለሁ። እወጣለሁ፣ ተራራውን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ልክ ነው። ልክ ነው እላለሁ። ግን እኮ ሰው ሁሉ ተገልብጧል ይላል። ከመቼ ጀምሮ ነው የምገለብጠው? አንተ ነህና መጀመሪያ ያየኸው ብዬ ነው።"

አሁን፣ አለ በልቡ። አሁን ተናገር።

"ዕድሜ ነው አባ" አለ።

"ዕድሜ" አሉ አባ ሸምሶ። ቀስ ብለው ባቄላውን መልቀም ጀመሩ። "የፈራሁትም እሱን ነው። ሙስተፋን የት እንዳስቀመጥኩት የማላውቅ ከሆነ፣ ሌላውንማ እንዴት አውቃለሁ? የሰው ድንበር ስንት ዓመት ስገለብጥ ኖሬ ይሆን?" የመጨረሻዋን ባቄላ አነሡ። "ዓርብ ከስግደት በኋላ ጀፎረው ላይ ሰው ይሰበሰባል። የዳኝነት ዱላዬን ለሌላ ሰው ላስረክብ ነው። አንተም ና። ያንን ሽንኩርትህንና ቁልፍህን ይዘህ ና። እንዴት እንደምገለብጥ በሰው ፊት አሳያቸው፤ ሽማግሌው በኩርፊያ ነው የተወን እንዳይሉኝ።"

ከማሉ "እሺ" አለ። እዚያው ቦታ ላይ፣ እንደዚያ ቀን፣ "እሺ፣ እሺ"።

ዓርብ ሄደ። ቢቀርስ ኖሮ? አስቦት ነበር። ወልቂጤ አክስት አለችው፤ ወደዚያ እብስ ብሎ ሊቀር ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ከተማውን ለቆም ነበር። ግን እግሩ መንገድ ሲጀምር ኪሱ ውስጥ ቁልፉና ቀለሃው ተጋጩ፣ ቃ አሉ። እሷን ድምፅ አልቻላትም። ተመለሰ።

ጀፎረው ላይ ወንዶቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ከኋላ ቆመዋል። ሁለት በርጩማ ቀርቧል፣ አንዱ ከአባ ሸምሶ ፊት፣ አንዱ ከጀርባቸው። አባ ሸምሶ ነጭ ለብሰዋል፤ ለሠርግ እንጂ ለሌላ የማይለበሰውን። ከማሉ ሽንኩርቱን አኖረ፣ ቀለሃውን፣ ቁልፉን። ሽንኩርቱ ተንከባለለችና መልሶ አኖራት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ስንት ሳቅ ባወጣበት!

አባ ሸምሶ በጥንቃቄ አዩ፣ እንደ ተማሪ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። ዞሩ። ቆሙ። ከዚያ ደረደሩ። ያው ነው፣ ገለበጡት። ከሰዉ መሐል "አዬ" የሚል ሐዘን ወጣ። አንድ ሽማግሌ ፊቱን ሸፈነ።

"በል ንገራቸው" አሉ አባ ሸምሶ።

ከማሉ አፉን ከፈተ። ሰዉ ይጠብቃል። ዘቢዳር ከሰዉ ጀርባ ቆሞ ይጠብቃል።

"አልገለበጡም" አለ።

"ምን አልክ? ጮክ በል!" አለ አንዱ።

"አልገለበጡም! ሽንኩርቱ በተራራው በኩል ነበር፣ አሁንም በተራራው በኩል ነው። እዩት!" ሰዉ ሽንኩርቱን፣ ቀጥሎ ተራራውን አየ። "የምገለብጠው እኔ ነኝ። እኔ ስዞር ዓለሙን ሁሉ ይዤ ነው የምዞር። ያን ቀን... እዚያ ቤት ውስጥ እኔ በጥያ በኩል ተቀምጬ ነበር። እሳቸው ጫፏን ነግረውኛል፣ ይቺ የቡታጅራ ናት ብለውኛል። አልሰማሁም። ወረቀቱን በሆዴ ልክ ያዝኩና በቀኜ ያየሁትን በቀኜ ጫርኩ። መቃብሩን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ያወቅኩት ደግሞ ዛሬ አይደለም። ያኔውኑ፣ እዚያው መቃብሩ ላይ አውቄያለሁ።"

የሣቀ የለም። የጮኸም የለም። ከማሉ ስድብ ጠብቆ ነበር፣ ዱላም ጠብቆ ነበር፤ ለሁለቱም ተዘጋጅቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብሎ እግሩ ሥር ያለውን ሣር አየ። ሣሩ እንደ ሌላው ቀን ሣር ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው ሳሌሃ ናት፣ ከሴቶቹ መሐል።

"የእኔን ቆጮ ነበር የሚበላው። አፉ ሞልቶ 'እሺ፣ እሺ' ሲል ሰምቼዋለሁ። አማቴ ጫፏን ሲነግሩትም ሰምቻለሁ።" ወደ አማቷ ዞረች። "ሰምቼ ሳለሁ፣ እሳቸው ናቸው የተሳሳቱት ሲባል አመንኩ። ይቅር በሉኝ አባቴ።"

ያን ጊዜ ሰዉም ፊቱን ወደ መሬት አደረገ። ድንጋይ የነቀሉት እዚያው ነበሩ፤ የተፈነካከቱት ወንድማማቾችም ከነፋሻቸው እዚያው ነበሩ።

አባ ሸምሶ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ሽንኩርቱን አንስተው በእጃቸው አገላበጡት። ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር ከማሉ። ግን አገጫቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ልክ ነበርኩ ማለት ነው" አሉ ለራሳቸው። "ስወጣ ስገባ... ልክ ነበርኩ።" ቀና ብለው ከማሉን አዩት። "መንገዱን ተሳሳትክ። እሺ፣ ሰው ይሳሳታል። ቆጮ ጣፍጦህ ነው እንበል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔን ከራሴ ሰረቅከኝ። ጠርቼህ በአፌ ጠየቅኩህ። ዕድሜ ነው አልከኝ።"

"አዎ" አለ ከማሉ።

"ዱላውን ይያዙት! ዱላው የእርስዎ ነው!" አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ሁሉም በአንዴ አወሩ። አባ ሸምሶ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙአቸው።

"አንተ የተበተነውን ድንጋይ ለቅመህ የልጄን እግርጌ ትሠራለህ። ሳሌሃ ይበቃል እስክትል። ሌላው ደግሞ፣ እኔ የተሳቀብኝ ገበያ ላይ ነው። እዚህ ሣር ላይ ብቻ ተናግረህ አትቀርም።"

ድንጋዩን ሠራ፤ ሦስት ዓርብ ፈጀበት። ሳሌሃ ቆጮ አላመጣችለትም። ቆማ ታያለች፣ "ያቺን ወደ ተራራው ገፋ አድርጋት" ትላለች፣ እሱ ይቆምና መጀመሪያ ተራራውን ይፈልጋል፣ ከዚያ ይገፋል።

ገበያ ላይም ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ተናገረ። ሊያስቅ የመጣ መስሏቸው ገና አፉን ሲከፍት ሳቁ። ሲጨርስ አልሳቁም፤ ደበሌ ብቻ ቢላውን አስቀምጦ "እንግዲህ ስሟን ወደ ባለቤቷ እንመልሳት፣ አባ ገልብጥ!" አለው። ስሟ ቀረችበት። ሲጠሩት "አቤት" ይላል።

ለጆሜትራውም ሊነግረው ሞክሮ ነበር። ከአርባው ቃል ውስጥ ግን "አፈርኩ" የምትል አልነበረችም። ፈልጎ ፈልጎ አጣት። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፣ "እኔ" አለ፣ ደረቱን መታ፣ ወረቀቱን አዞረው። መልሶ አዞረው። "እኔ።" ጆሜትራው ትንሽ አየውና ትከሻውን ነቀነቀ። "ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው" አለ። ከማሉ መነጽሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ፤ በማግስቱ ሊሸከመው አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ቡታጅራ ውስጥ ጠግኖ አዳሪ ሆነ፣ የሰው አጥር፣ የሰው ጣሪያ። ቀልዱ አልጠፋም፤ አንዳንድ የአህያ ገመድ አሁንም ይቀያየራል። ግን አንድ ልማድ ተጠግቶት ቀረ። ሰው "ከማሉ፣ ጥርስህ ላይ ጎመን አለ" ሲለው እጁን ወደ አፉ አይሰድም። መጀመሪያ ዞር ብሎ ዘቢዳርን ይፈልጋል። "በየት በኩል?" ይላል። የማያውቀው ሰው ይስቅበታል። እሱ አይስቅም፤ እስኪነግሩት አፉን በእጁ ሸፍኖ ይጠብቃል።